በሊትር አሥራ ስድስት

ጋሽ ሙክታር ማረፋቸውን የነገረኝ የኮሌጃችን ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሳስተምር ስልኬ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ በአራተኛው ወጥቼ አነሣሁት። «ሮማን፣ ጋሽ ሙክታር አረፉ። ቀብሩ ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው» አለኝ። ወደ ክፍል ተመልሼ ተማሪዎቹን ምን ብዬ እንዳሰናበትኳቸው አላስታውስም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አጋሮ ላለው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩ።

«ነፍስ ይማር» አለ ዳዊት። «ሌላ ነገር አለ?»

«የለም።»

«በይ ደህና ዋይ።»

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ጋሽ ሙክታርን ለስድስት ዓመት ሰላም ብሏቸው አያውቅም፤ ጅማ ሲመጣ መንገድ ላይ ከሩቅ ካያቸው ይሻገር ነበር። ለእናታችን ሞት ምክንያቱ እሳቸው ናቸው ብሎ ያምናል ብዬ አስብ ነበር። እሳቸው እንዳልሆኑ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እያወቅሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ስለ እሳቸው አንድ መስመር መጻፍ አልችልም።

ጋሽ ሙክታር የአውቶሞቲቭ መምህር ነበሩ፤ እኔ የቴክኒክ ንድፍ አስተምራለሁ። ሁለታችንም የምንኖረው እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ስለነበር ጠዋት ጠዋት በመኪናቸው ያደርሱኝ ነበር። መኪናዋን የማያውቃት የጅማ ሰው የለም። ቀይ ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ አጭር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የቀረበ፣ ከኋላዋ ትንሽ ክንፍ ያላት የስፖርት መኪና። መንገድ ሊሠራ መጥቶ ከነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው የገዟት። ሞተሯ ሲነሣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ታስጮኻለች። መሪውን የሚይዙት ደግሞ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ወፍራም ቁመና፣ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ከሰባ ኪሎ ሜትር ፍጥነት አልፈው የማያውቁት ጋሽ ሙክታር ናቸው። ከተማ ውስጥማ ባጃጅ በቀኝም በግራም ይቀድማቸዋል።

«ጋሽ ሙክታር፣ ይርገጧት እንጂ!» ይሏቸዋል የጅማ መርካቶ ላይ የባጃጅ ሹፌሮቹ።

«እናንተ እለፉ። ማደያ ሰልፍ ላይ እንገናኛለን።»

ታዲያ ለምን እንዲህ ያለች መኪና እንደገዙ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ጎበዝ ሞተር አላት» አሉኝ። «ጎበዝ ሰው ሁልጊዜ መሮጥ አለበት እንዴ?»

ሲነዱ የቀኝ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ጫማው ከወንበሩ ኋላ ይቀመጣል፣ ቀኝ እግራቸው በካልሲ ብቻ ቤንዚን መስጫው ላይ ያርፋል። «በጫማ ስትረግጪ ምን ያህል እንደረገጥሽ አታውቂም» ይላሉ። አንዳንዴ ረስተውት በአንድ ጫማ ይወርዳሉ፤ መርካቶ መሐል በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ቆመው ቲማቲም ሲመርጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

መኪና ገዝቶ «ይህችማ በሊትር ሃያ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» የሚል ሰው ካጋጠማቸው አይለቁትም።

«ማን ለካው?»

«መጽሐፏ ላይ ተጽፏል።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ የአጋሮን ዳገት በክረምት ወጥቶታል?»

እሳቸው የሚለኩበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ማደያ ሄደው ታንኩን ያስሞላሉ፣ ከመኪናዋ ጎን ቆመው በሁለት እጃቸው ያወዛውዟታል፣ የታመቀው አየር ሲወጣ እንደገና ያስጨምራሉ፣ ቤንዚኑ አፉ ላይ እስኪታይ። ነዳጅ ቀጂዋ ገና ሲመጡ ስታያቸው ትስቃለች፤ «ጋሽ ሙክታር፣ ዛሬም እሹሩሩ ሊሏት ነው?» ትላቸዋለች። ከዚያ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያያሉ፣ ሳምንቱን ይነዳሉ፣ በሳምንቱ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ፣ መኪናዋን እዚያው ቦታ አቁመው እንደገና አፍ ድረስ ያስሞሉና ያካፍላሉ። መኪናዋ ራሷ ዳሽቦርዱ ላይ በሊትር አሥራ ስምንት እንደምትሄድ ትናገር ነበር። እሳቸው ግን ስቀው «ስለ ራሱ ሲጠየቅ ማን አሳንሶ ይናገራል» ይላሉ። በእሳቸው ልክ አሥራ ስድስት ነበረች። ተማሪዎቹ ከኋላቸው «አሥራ ስድስት» ይሏቸዋል፤ ያውቃሉ፣ አይቀየሙም።

ይህ ጠባያቸው መኪና ላይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን «አብዛኞቹ ምሩቆቻችን ሥራ ይዘዋል» ሲል የጋሽ ሙክታር እጅ ይወጣል። «ማን ቆጠራቸው?» ስብሰባው ይበላሻል። በዚህ የተነሣ ሹመት የሚባል ነገር በደጃቸው አላለፈም። ግን በራሳቸውም ላይ እንደዚያው ነበሩ። አንድ ጊዜ የቫልቭ ክፍተት ልኬት ተሳስተው አስተምረው፣ በማግስቱ ሦስቱንም ክፍል እየዞሩ «ትናንት የነገርኳችሁ ስህተት ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ደብተራችሁ ላይ ሰርዙት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሌላው መምህር ቢሆን በሚቀጥለው ሳምንት አስመስሎ ያልፈዋል። እኔም አስመስለው ከሚያልፉት ነበርኩ።

ሐሙስ ሐሙስ ሰርቦ ከተማ ተማሪዎቻችን ወደሚለማመዱበት የቡና መፈልፈያ አብረን እንሄድ ነበር። አንድ ቀን ሦስት መምህራን ሆነን ደረስንና ገና ሳንወርድ «ሚዛኑ ላይ ውጡ» አሉን። የቡና ጆንያ የሚመዘንበት ሚዛን ነው። ሰው ሲጨመር ቤንዚኑ በምን ያህል እንደሚጨምር ለማወቅ ፈልገው ነው። ሚዛን ያዡ ግራ ገብቶት «ጋሽ ሙክታር፣ ኩን ቡነ ሚቲ!» አለ፤ ይሄ እኮ ቡና አይደለም ማለቱ ነው።

«ነን ቤከ» አሉት፣ አውቃለሁ ማለታቸው ነው። «ብቻ ቁጥሩን ንገረኝ።»

እሳቸው ሰማንያ ስምንት ሆኑ። እኔ ተራዬ ደርሶ ስወጣ ሰውዬው በዚያ ሁሉ ቡና ለቃሚ ሴት ፊት «ሃምሳ አንድ!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ከሳቅ ብዛት ጆንያው ላይ ተደገፉ። እስከ ጅማ አላናገርኳቸውም። እሳቸው ማኩረፌን ያስተዋሉት በማግስቱ ነው።

መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፣ በዚያችው መኪና፣ ጫማዬን አስወልቀው። «እግርሽ ይቸኩላል» ይሉኝ ነበር። «ሰው የሚያስበው ነገር ቶሎ እግሩ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ሐሳብሽን አረጋጊ።» ካስተማሩኝ ሁሉ አብሮኝ የቀረው ይህ ነው። የሚያሳዝነው፣ እናቴ በታመመችበት ቀን እሳቸውም ረሱት።

ያን ሰሞን ጅማ ቤንዚን ጠፍቶ ነበር። የማደያው ሰልፍ ሁለት ቀን ያስቆማል፣ ሚኒባሶቹ መናኸሪያ ተኝተዋል። ረቡዕ ወደ ቀትር ዳዊት ከአጋሮ ደወለ። እናታችን ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሣ ወድቃ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል፤ አፏም ተይዟል። እዚያ ያዩአት ሐኪሞች ወደ ጅማ ሪፈር ጽፈውላታል፣ ግን አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ርቆ ሄዷል። «መኪና፣ ሮማን፣ ከየትም ብለሽ መኪና!» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

ወርክሾፕ ሮጬ ሄድኩ። ጋሽ ሙክታር እጃቸው ዘይት እንደሆነ ሰሙኝ። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ወጥተው ቆጣሪውን አዩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ።

«ስድስት ሊትር አለኝ» አሉ። «ስድስት በአሥራ ስድስት፣ ዘጠና ስድስት። አጋሮ ደርሶ መልስ ዘጠና ነው።»

«እንሂዳ፣ ይንዱልኝ!»

«አይሆንም። እኔ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ነኝ፣ አንቺ ሃምሳ አንድ ነሽ። ሲመለስ እናትሽ አለች፣ ወንድምሽ አለ፣ ነርስ ትከተላለች። እኔ ከነዳሁ አይበቃም፤ አንቺ ከነዳሽ ይበቃል።»

ተማሪዎቹን ጠርተው ተጠባባቂ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ ከኋላ ያለውን ዕቃ ሁሉ አስወረዱ። የጎማውን ንፋስ ራሳቸው ለኩ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። «ከሰባ አትለፊ» አሉኝ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው። «ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ረጋ ብለሽ ውጪ። ቁልቁለቱን በፎሌ እንዳትለቂ፣ ማርሽ ውስጥ ይሁን።»

«ይደርሳል ግን ጋሽ ሙክታር?»

«ወላሂ ይደርሳል።»

እሳቸው ወላሂ የሚሉ ሰው አልነበሩም። የለኩትን ነገር ብቻ ነው በአላህ ስም የሚምሉበት፤ ያን ቃል ከአፋቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አምኛቸው ሄድኩ።

ከከተማ እስክወጣ ሰባን አላለፍኩም። ከዚያ እናቴ ወለሉ ላይ ወድቃ ስትታየኝ ሰማንያ ሆነ። ቀጥሎ ዘጠና። አውቄ ነው ያደረግኩት፤ ቆጣሪውን እያየሁ፣ የነገሩኝን እያስታወስኩ። አጋሮ ስደርስ እማዬን ተሸክመው ከኋላ አስተኟት፤ ዳዊት ጭንቅላቷን ታቀፈ፣ ነርሷ ከፊት ተቀመጠች። እናቴ ዓይኗ ተገልጦ ነበር፤ አየችኝ፣ ግን አላወቀችኝም። ከዚያ በኋላ ለእግሬ የሚነግረው ሰው አልነበረም። ቀጥ ያለ መንገድ ባገኘሁ ቁጥር መቶ ሃያ እገባ ነበር። ዳገቱን እያስጮኽኳት ወጣሁ። አጠገቤ ያሉት ምን ይሉ እንደነበር አልሰማሁም፤ ሞተሩን ብቻ ነው የምሰማው።

ጅማ ለመድረስ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሲቀረን መኪናዋ ሁለት ጊዜ ሳል አለችና ዝም አለች።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው መንገድ ዳር ቆምን። ያለፉት ሦስት ሞተር ሳይክሎች ብቻ ናቸው። በመጨረሻ ቡና የጫነ የጭነት መኪና መጣ፤ ሹፌሩ፣ እግዜር ይስጠው፣ ረዳቱን ጆንያው ላይ አስወጥቶ እናቴን ጋቢና አስገባት። ሆስፒታል ደረስን። በማግስቱ ቀትር ላይ አረፈች። ዳዊት ሐኪሙን «ቀደም ብለን ብንደርስ ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ ቅን ሰው ነበር። «ጉዳቱ ትልቅ ነው። ትተርፍ ነበር አልልህም፣ አትተርፍም ነበርም አልልህም» አለው። ወንድሜ ከዚያ መልስ የያዘው ግማሹን ብቻ ነው፤ እኔም እንደዚያው።

በሰልስቱ ጋሽ ሙክታር አጋሮ ለቅሶ ቤት መጡ። በስንት ልመና የሰው መኪና ላይ ተሳፍረው እንደመጡ በኋላ ነው የሰማሁት። ድንኳኑ ሞልቷል። ሰው ቦታ ሲለቅላቸው አልተቀመጡም፤ መሐል ላይ ቆሙ።

«እኔ ሙክታር እባላለሁ» አሉ። «መኪናዋ የኔ ናት። ይበቃል ብዬ፣ ወላሂ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። የራሴን ክብደት ቆጠርኩ፣ የዚህችን ልጅ ድንጋጤ አልቆጠርኩም። ስህተቱ የኔ ነው። አፉ በሉኝ።»

ሽማግሌዎቹ «የፈጣሪ ሥራ ነው፣ እባክዎ ይቀመጡ» አሏቸው። ዳዊት ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወጣ። ያን ጊዜ እኔ «አይደለም፣ እኔ ነኝ ያልተባልኩትን ያደረግኩት» ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ኀዘኑ ነው አለ።

የሚከብደኝ ደግሞ፣ እዚያ ሲቆሙ እውነቱን ያውቁ ነበር። መኪናዋን ከመንገድ ዳር ያነሡት እሳቸው ናቸው። ቆጣሪውን አይተዋል፤ ሰማንያ አንድ ኪሎ ሜትር በስድስት ሊትር። ይህን ማካፈል ለእሳቸው ዓይን እንደመጨፈን ነው። አሥራ ሦስት ተኩል። በሰባ የተነዳች መኪና እንዲህ እንደማትጠጣ በዚህ አገር ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ቤንዚኑ እንደልብ ሲሆን አንድ ቅዳሜ ብቻቸውን ተነሥተው አጋሮ ደርሰው መጡ። ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ ናቸው የነገሩኝ። «ሙክታር ጫማውን ሳያወልቅ ነዳ» አሉኝ። የፈራ ሰው እንዴት እንደሚነዳ ሊለኩ ነው የሄዱት፣ እኔ እንደነዳሁት። አሥራ ሦስት ተኩል መጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው «ጋሽ ሙክታር፣ መኪናዎ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ካላቸው ቁጥር አይናገሩም። «ማን ሊነዳት ነው? ለምን ጉዳይ?» ይላሉ። ተማሪዎቻቸውንም እንደዚያው አስተማሩ። አሥራ ስድስት የሚለው ስማቸው ቀስ በቀስ ጠፋ።

እውነቱን አንድ ጊዜ ነገርኳቸው። ወደ ሥራ እየሄድን ነበር፣ ዝናብ ይጥላል።

«ጋሽ ሙክታር፣ ያን ቀን ከሰባ አልፌ ነበር።»

«አውቃለሁ።» መንገዱን እያዩ ነው። «እናቱን የያዘ ሰው በሰባ አይነዳም። ያን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አስተማሪሽ እኔ ነኝ።»

«ለዳዊት ልንገረው?»

የመስታወት መጥረጊያውን አፈጠኑ። «አሁን የሚቆጣው ሰው ያስፈልገዋል» አሉ። «እኔን ይቆጣ፣ እችለዋለሁ። አንቺ እህቱ ነሽ፤ ከአንቺ ሌላ የለውም። ሲረጋጋ ትነግሪዋለሽ።»

ይህን እንደ ስጦታ ተቀበልኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደስም አለኝ። ወንድሜ ከተረጋጋ ቆይቷል፤ ትዳር ይዟል፣ ልጅ ወልዷል፣ አጋሮ የጽሕፈት ዕቃ መሸጫ ከፍቷል። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ጋሽ ሙክታር ጡረታ ወጡ፣ ስኳሩ በረታባቸው፣ መንዳት ተዉ። በሄድኩ ቁጥር ስለ ዳዊት ይጠይቁኛል፤ «ደህና ነው» እላለሁ። «ነገርሽው?» ብለው አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

ከቀብሩ በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ አጋሮ ሄድኩ። ዳዊት ሱቁ ውስጥ ደብተር ይደረድር ነበር። ቁጭ በል ሳልለው፣ ቆሜ ነገርኩት። ከሰባ አትለፊ ብለውኝ እንደነበር፣ መቶ ሃያ እንደነዳሁ፣ እሳቸው ይህን አውቀው በድንኳኑ መሐል እንደቆሙ፣ እኔን ለማትረፍ ዝም እንዳሉ። ይጮህብኛል፣ ከሱቁ ያስወጣኛል ብዬ ነበር።

እጁ ላይ የነበረውን ደብተር አስቀመጠ።

«በስንት እንደነዳሽማ አውቃለሁ» አለኝ። «ቆጣሪውን በትከሻሽ ላይ አየው ነበር። ከኋላ ሆኜ ‹ርገጪው! ርገጪው!› እያልኩ የምጮኸው እኮ እኔ ነበርኩ። አልሰማሽኝም?»

«አልሰማሁህም።»

«ይኸው ስድስት ዓመት፣ ሰምተሽኝ፣ እኔን ላለማጋለጥ ነው ዝም ያልሽው እያልኩ ኖርኩ።» ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። «ሰውዬው ድንኳኑ መሐል ቆመው ያን ሲሉ መቀመጥ አቃተኝ፣ ሮማን። ተቆጥቼ ይመስላችኋል። ቀና ብዬ ላያቸው አፍሬ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህም መንገድ የምሻገረው ለዚያ ነው።»

ሱቁን ዘጋ። አብረን በሚኒባስ ወደ ጅማ ሄድን። ጋሽ ሙክታር ቤት ስንደርስ ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ ወደ ውስጥ ገብተን አዴ ዘይነባን «አላህ ያጽናዎት» አልናቸው። እሳቸው ደካማ ዓይናቸውን ወንድሜ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ማነው ልጄ?»

«ወንድሜ ነው፣ ዳዊት» አልኳቸው።

«የአጋሮው?» እጁን ይዘው አጠገባቸው ሳቡት። «ሙክታር ኢድ በመጣ ቁጥር ‹ያ ልጅ ዘንድሮ ሳይመጣ አይቀርም› እያለ በር በር ያይ ነበር። ጎሽ መጣህ። ተቀመጥ።»

ወንድሜ ተቀመጠና እጃቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እናታችን ስትሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።